ለአንድ ጠመንጃ ብቻ

የፕሮፌሰር ሃጋር ሰላሞንን «የጅብ ሰዎች» ያነበብኩት ለሴሚናር ነው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1999 በእንግሊዝኛ ወጣ፤ የተሰበሰበውም እዚህ አገር ከገቡ ወላጆቻችንና አያቶቻችን አፍ ነው። ርዕሱ የመጣው «ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል» ከሚለው እምነት ነው። ያላነበባችሁ አንብቡት። «ቡዳ» የሚለው ቃል ሲነሳ ቤት ውስጥ ለምን ዝም እንደሚባል ይገባችኋል።

ግን ቅሬታ አለኝ። መጽሐፉ ስለ ቀጥቃጩ ምን ይባል እንደነበር በደንብ ይነግረናል፤ ወናፉ አጠገብ ተቀምጦ ምን ያሰላ እንደነበር ግን ብዙም አይነግረንም። በበዓላችን ላይ በምናቆማቸው ኤግዚቢሽኖች ደግሞ ማረሻና ማጭድ ደርድረን «ከጥንት ሳይለወጥ የመጣ ሙያ» እንላለን። እውነት ሳይለወጥ?

ሽኩና ጊሜል፣ እኛ ሕንፃ ሥር አግዳሚው ላይ ለሚቀመጡ የጎንደር ሽማግሌ የአንድ አሮጌ ዕቃ ፎቶ በስልኬ አሳየኋቸው። ጉጠት ይመስላል፤ ሁለቱ መንጋጋዎቹ ሲገጥሙ መሐሉ ክብ ጉድጓድ ይሆናል። የቀለጠ እርሳስ ይፈስበትና ጥይት ይወጣበታል። (እርሳስ ስል የምንጽፍበትን ሳይሆን ኦፌሬት ማለቴ ነው።) ሳቅ አሉና «ልጄ፣ ይኼ እኮ ለአንድ ጠመንጃ ብቻ ነው» አሉኝ። አያታቸው ቀጥቃጭ ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአፈሙዙ የሚጎርሰው የድሮ ጠመንጃ የእጅ ሥራ ስለሆነ የአንዱ ቱቦ ስፋት ከሌላው አይገጥምም። ዕድሜ ሲጨምር ደግሞ ዝገት ቱቦውን ይበላዋል፤ ጥይቷ ውስጡ ትላላለች፣ የባሩዱ ኃይል በጎኗ ያመልጣል። ቱቦ መለወጥ ለገበሬ የማይታሰብ ነው፤ ስለዚህ የሚስተካከለው የጥይት ማውጫው ነው። ቀጥቃጩ ጉድጓዱን ትንሽ ይፍቃል፣ እርሳስ ያፈስሳል፣ ጥይቷን በአፈሙዙ ይሞክራል፣ እንደገና ይፍቃል። እርሳስ በ327 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ከሰልና ወናፍ ይበቃዋል። ከባዱ ልኩ ነው። «ካበዛሽው አይመለስም» አሉኝ።

እስቲ ይህን «ሳይለወጥ የመጣ» በሉት! ጠመንጃው ራሱ እንግዳ ነው፣ ስሙም ጭምር። «ነፍጥ» ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ በዕብራይስጥ ነዳጁን ኔፍት የምንልበት ያው ቃል። ቃሉ በማምሉኮች ዘመን እንዴት ወደ ባሩድ እንደዞረ ዳቪድ አያሎን በ1956 ባሳተመው መጽሐፍ አሳይቷል። እንግዳው ዕቃ ቤት ሲገባ ልኩን የሚያወጣለት ሰው ያስፈልገው ነበር።

ደግሞ ሁላችንም አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን እናውቃለን። ከሠሪዎቹ አንዱ ሞሪትዝ ሆል፣ ከአይሁድ ተወልዶ የተጠመቀው፣ በኋላ ያፎ መጥቶ መኖሩ ሳይቀር ተጽፏል። ለመድፍ ታሪክ ጸሐፊ አይጠፋም። በሞረድ ስለሰፋች የጥይት ጉድጓድ ግን ማን ይጽፋል?

ሰላሞን የጠየቀችውን ጥያቄ በሚገባ መልሳለች፤ የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ የሚመልሱልኝም ሰዎች እያነሱ ነው። ሽማግሌው ስልኩን መልሼ እንድሰጣቸው ጠየቁኝ። ፎቶውን በጣታቸው አሰፉና ጉድጓዱን ትንሽ አዩት። «ይኼን የሠራው ቸኩሎ ነበር» አሉ። «በዚህ በኩል ክቡ ጎድሏል።»