የተቀየረ ሞተር እንዴት ይፈተሻል

ሐዋሳ ሜዳ ናት። ከፒያሳ እስከ አሞራ ገደል የተነዳ ሞተር ሁሉ ደህና ይመስላል። በግቢው ሞተር የቀየረ ሰው «ነድተህ እየው» ቢል አይበቃም፤ ኮፈኑ መከፈት፣ ከመኪናው ሥር መገባት፣ ከዚያም ዳገት መወጣት አለበት።

የማወራው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ስለተመረተው ላንድክሩዘር 60 ነው፤ ቤንዚን ሞተሩ ወጥቶ 1ኤችዜድ የተባለው ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ ስለገባለት። በ2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ በኋላ እንዲህ ያለውን አሮጌ መኪና አድሶ ማቆየት ትርጉም ያለው ሥራ ሆኗል። ምርጫውም ጥሩ ነው፦ 4,164 ሲሲ፣ ያለ ተርቦ፣ ያለ ኮምፒውተር። ኦሞ ለመውረድ የተነሳ ሰው ኮንሶ ላይ ቢቆምበት በመፍቻ የሚፈታ ሞተር ነው። ይሁን እንጂ ጥሩ ሞተር ከሱማሌ ተራ ገዝቶ መምጣት የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። ሠሪው የሚለካው መኪናው ሞተሩን እንዲቀበል ባደረጋቸው ለውጦች ነው።

እኔ ከፍሬኑ እጀምራለሁ። በቤንዚን ሞተር ላይ ፍሬኑን የሚያቀልለው ሰርቮ ጉልበቱን የሚያገኘው በአየር ማስገቢያው ውስጥ ከሚፈጠረው ቫኪዩም ነው። ናፍጣው አየሩን የሚያንቅ ክዳን ስለሌለው ይህን አይሰጥም፤ የራሱ የቫኪዩም ፓምፕ ያስፈልገዋል። ፓምፑ ደክሞ ወይም ቱቦው ተሰንጥቆ ሳለ ሞተሩ ግን ያለምንም ችግር ይሠራል፣ ባለቤቱም ፍሬኑ እንደከበደ ቀስ በቀስ ይለምደዋል። ስለዚህ ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉን ደጋግመው ይርገጡ፤ ሲጠነክር እግርዎን ሳያነሱ ያስነሱት። ፔዳሉ ወደ ታች ዝቅ ማለት አለበት። ካላለ ሌላውን ሁሉ ማየት አያስፈልግም።

ከሥር ሲገቡ ሞተሩ የተቀመጠበትን መደገፊያ ይመልከቱ። ሻንሲው ላይ የተበየደው ብረት በሁለት ወገን ደጋፊ ካለው፣ ብየዳው ተስተካክሎ ቀለም ከተቀባና ጎማው በቡሎን ከታሰረ ሠሪው ነገ እንደገና እንደሚፈታ አስቦበታል። ቀጥሎ በዘይት ቋቱና በፊት ዲፍረንሻሉ መካከል ያለውን ክፍተት ይለኩ። የላንድክሩዘር 60 የፊት አክስል አንድ ወጥ ነው፤ ጉድጓድ ሲመታ ወደ ላይ ይነሳል። ቆሞ ሲታይ የሚበቃ የሚመስለው ክፍተት በጭነትና በኮሮኮንች ላይ ላይበቃ ይችላል፤ ቋቱ ላይ የተላጠ ቦታ ካለ መልሱ እዚያው ነው።

ኤሌክትሪኩ የሠሪውን ትዕግሥት ያሳያል። 1ኤችዜድ በ12ም በ24 ቮልትም ይመጣል። አንዳንዱ የ24 ቮልት ሞተሪኖ በ12 ቮልት መኪና ላይ ያስርና ሁለት ባትሪ በተከታታይ ያገናኛል፤ መብራቱንና ሬዲዮኑን ከአንደኛው ብቻ ይስባል። አንዱ ባትሪ ሁልጊዜ ሲጎድል ሌላው ከልክ በላይ ይሞላል፣ ሁለቱም ያለጊዜያቸው ይሞታሉ። ይህን ካዩ ሌላውም አቋራጭ ተፈልጎለታል ብለው ይጠርጥሩ። በተቃራኒው የአር ፒ ኤም ቆጣሪው በትክክል ሲሠራ ደስ ይለኛል። የቤንዚኑ ቆጣሪ ከኮይል ያነብ ነበር፤ ናፍጣው ኮይል የለውም። ቆጣሪውን ለማስነበብ የደከመ ሰው የሙቀት ጌጁንም ከአዲሱ ሴንሰር ጋር አስማምቶታል ማለት ይቻላል። ያልተስማማ ጌጅ ግን ጭራሽ ከሌለው ይብሳል፤ ውኃው እየፈላ መርፌው መሐል ላይ ይቆማል።

ቀሪው የዳገት ጉዳይ ነው። ከሐዋሳ በአለታ ወንዶ አድርገው ወደ ሀገረ ሰላም ይውጡ፤ ከ1,700 ሜትር ገደማ ተነስተው ከ2,700 በላይ ይደርሳሉ። መኪናው ለጉዞ በሚጫነው ልክ ይጫን። ቀጭን ግራጫ ጭስ አያስደነግጥም፤ ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ጭስ ግን ጉልበት ለማስመሰል የናፍጣው ፓምፕ እንደተከፈተ ይናገራል። ባሌ ሳነቴ ላይ፣ 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ፣ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ካለው 60 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ሲደርስ ያልተቃጠለው ናፍጣ ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ ጉልበቱም ይወርዳል። ሐቀኛ ሠሪ ይህን አስቀድሞ ይነግርዎታል።

ከላይ ደርሰው ሲቆሙ ወዲያው አያጥፉት፤ ጥቂት ደቂቃ ይሥራና ከዚያ ያጥፉት። የራዲያተሩን ክዳን አይንኩ፤ የትርፍ ውኃ መያዣው ውስጥ የዘይት ቅባት መኖሩን፣ ቱቦዎቹ ማበጣቸውን፣ ከቴስታታው ጋር የሚገናኘው ጓርኒሲዮን ዙሪያ እርጥበት መታየቱን ይመልከቱ። የሞተሩን ቁጥር በባትሪ መብራት አንብበው ሊብሬው ላይ ከተጻፈው ጋር ያመሳክሩ። ካልተመዘገበ ምዝገባውን ሻጩ ይጨርስ፤ ስለ ዋጋ የሚወራው ከዚያ በኋላ ነው።