«ዳሽ ኦፍ» ሲጻፍ

የእንግሊዝኛ ረቂቅ ለማረም ስቀመጥ ዓይኔ የሚያርፈው ከግሱ ኋላ በምትከተለው ትንሽ ቃል ላይ ነው። ሳሙኤል ጆንሰንም በ1755 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መዝገበ ቃላት መቅድም፣ የውጭ ሰው በእንግሊዝኛ አብዝቶ የሚቸገረው በዚህ የግስና የትንሽ ቃል ጥምረት እንደሆነ ጽፏል።

«ዳሽ ኦፍ»ን እንውሰድ። ተሳቢ ካለው፣ ደብዳቤ ወይም መጣጥፍ በጥድፊያ ጫር ጫር አድርጎ መጨረስ ነው። ተሳቢው ከተረሳ ግን ሰውዬው እብስ አለ ማለት ይሆናል፤ ሪፖርት ጻፍኩ ያለ መስሎት ከቢሮ መውጣቱን ይናገራል። ተሳቢው ስም ሲሆን ከ«ኦፍ» በፊትም በኋላም ይገባል፤ ተውላጠ ስም ሲሆን ግን ቦታው መሃል ብቻ ነው፦ «ዳሽድ ኢት ኦፍ»። «ዳሽድ ኦፍ ኢት» የሚል ሳገኝ የአማርኛው እጅ ይታየኛል። እኛ «ጫር አደረግኋት» ስንል ተሳቢዋን መጨረሻ ላይ እንለጥፋታለን፤ ጸሐፊውም ሁለቱን ቃል እንደ አንድ ግስ ቆጥሮ ከኋላ ለጠፈበት።

ይህ በልምምድ ይቃናል። የሚያስቸግረው ለዛው ነው። ስለራስ ሥራ ለወዳጅ ሲነገር ቀለል ያለ ትሕትና አለው፤ ስለሌላ ሰው ሥራ ሲነገር መናቅ ይመስላል። ለገንዘብ ሰጪ ድርጅት በሚላክ ደብዳቤ ላይ ሪፖርቱን «ዳሽድ ኦፍ» ማለት ደግሞ በራስ ግዴለሽነት ላይ መመስከር ነው። እዚያ ያለ ርኅራኄ እሰርዘዋለሁ። የሐዘን ደብዳቤም ላይ እንዲሁ።

ራሱ ጆንሰን ጥሩ መፈተኛ ነው። በ1759 እናቱ ስትሞት፣ ለቀብሯ ወጪና ለዕዳዋ የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት ስለ አቢሲንያው ልዑል ስለ ራሴላስ የሚተርከውን መጽሐፍ ጻፈ። የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ቦዝዌል እንደዘገበው በአንድ ሳምንት ምሽቶች ተጽፎ፣ እየተጻፈም በክፍል በክፍል ወደ ማተሚያ ቤት ሄዷል። ለፍጥነቱ «ዳሽድ ኦፍ» ልክ ይመስላል። ነገር ግን ጆንሰን የፖርቱጋላዊውን ሚስዮናዊ የጄሮኒሞ ሎቦን የአቢሲንያ ጉዞ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ያሳተመው በ1735 ነበር፤ አገሪቱን ባያያትም በሐሳቡ ከከረመች ሃያ አራት ዓመት ሆኗታል። ስለዚህ ጆንሰን ራሴላስን በአንድ ሳምንት ምሽቶች «ዳሽድ ኦፍ» አደረገው የሚል ዓረፍተ ነገር ቢመጣልኝ ግሱን አውጥቼ «ሮት» (ጻፈ) እተካለሁ። «በአንድ ሳምንት ምሽቶች» የሚለውን ግን አልነካውም፤ ፍጥነቱን እሱ ይናገራል።