ጫትና መርፌ በአንድ መሰላል ላይ
የትምህርት ቤት የሱስ ጭውውት ሲመረመር

ተማሪን ከሱስ ለማዳን ተብሎ በየትምህርት ቤቱ መድረክ የሚቀርበው ጭውውት መልኩ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ከከተማ የመጣ ጓደኛ ጨዋውን ልጅ ጫት ያስቅመዋል፤ ልጁ ከጫት ወደ መጠጥ፣ ከመጠጥ ወደ ሐሺሽ፣ ከሐሺሽም ወደ መርፌ ይወርዳል፤ በመጨረሻም እናቱ ስታለቅስ ጨዋታው ያበቃል። ዓላማው መልካም መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ዓላማው መልካም የሆነ ድርሰት ሁሉ እውነተኛ ድርሰት አይደለምና፣ በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህን ዐይነት ጭውውት በሐራ ተመልካች ዐይን ልንመረምረው አስበናል።

ሐራ በሰሜን ወሎ፣ ከወልድያና ከመርሳ የማትርቅ የየጁ ከተማ ናት። እርሷን መምረጣችን የመርፌ ሱስ በርትቶባታል ለማለት አይደለም፤ በእንዲህ ያለ አገር የሚኖር ተመልካች ጫትን ከመድረኩ በፊት በቤቱ ስለሚያውቀው ነው። በወሎ ጫት ከወዳጃ ጋራ የተያያዘ ነው። ሰው ሲታመም ወይም ዝናብ ሲጠፋ ጎረቤት ተሰብስቦ ዱዓ ያደርጋል፤ ዕጣን ይጤሳል፣ ቡና ይፈላል፣ ጫት ይቀርባል፤ ታላላቆችም ይመርቃሉ። ከእንዲህ ያለ ቤት የወጣ ተማሪ ጭውውቱን ሲያይ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅመው መርፌ ያልነኩ አያቱን ያስባል። ያን ጊዜ መድረኩ ዋሽቷል ብሎ ይፈርዳል። በመጀመሪያው ነገር ያልታመነ አስተማሪ ደግሞ በመጨረሻው ነገር፣ ይኸውም በመርፌው፣ አይታመንም። የዚህ ድርሰት ትልቁ ጉድለት ይህ ነው።

በሌላው ወገን ያሉትም፣ ማለት «ጫት ቅጠል ብቻ ነው» የሚሉት፣ ከስሕተት አልዳኑም። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ዋናው አነቃቂ ነገር ካቲኖን መሆኑ በእ.ኤ.አ. 1975 በተባበሩት መንግሥታት ላቦራቶሪ ተለይቶ ታውቋል፤ አሠራሩም አምፌታሚን ከተባለው መድኀኒት ጋራ ይመሳሰላል። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖኑ ስለሚቀንስ ነጋዴው ጫቱን ጠቅልሎ በጥድፊያ ለገበያ ያደርሳል። ምርቃናውም ሆነ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ዱካክ ከዚሁ ምንጭ ይቀዳል።

የካቲኖን የቅርብ ዘመድ የሆነው ሜትካቲኖን ግን ከቅጠል ሳይሆን ከሰው እጅ የተገኘ ነው። በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት ወጣቶች ይህን ነገር ከጉንፋን መድኀኒት በቤታቸው እየቀመሙ፣ ኤፌድሮን እያሉ በደም ሥራቸው ይወጉት ነበር። በእ.ኤ.አ. 2008 የታተመ አንድ ጥናት በላትቪያ የሚኖሩ 23 ሰዎች በዚህ ምክንያት የደረሰባቸውን ገልጧል። በቅመማው ውስጥ የሚቀረው ማንጋኒዝ የተባለ ብረት አንጎላቸውን ጎድቶት፣ ሁሉም አረማመዳቸው ተበላሽቶ ነበር፤ ወደ ኋላ መራመድ ያስቸግራቸው ነበር፤ የብዙዎቹም ድምፅ ደክሞ ነበር። መርፌውን የተዉትም ቢሆኑ ከሕመሙ አልዳኑም። ከዚህም ሌላ ሁሉም ሄፓታይቲስ ሲ፣ 20ዎቹ ደግሞ የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደማቸው ተገኝቶባቸዋል።

እንግዲህ ሁለቱን ነገሮች ስናስተያይ፣ በባሕርያቸው ዘመዳሞች ሆነው ሳሉ ጉዳታቸው እጅግ የተራራቀ ነው። የሚለያያቸው መንገዱ ነው፤ አንዱ በአፍ በዝግታ ይገባል፣ ሁለተኛው በመርፌ በቀጥታ ደም ውስጥ ይገባል። ጫቱን ብዙ ጊዜ ብዙ ሰው በተሰበሰበበት ታላላቆች ያዩታል፤ መርፌው ግን በስውር ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። መሰላሉ ይህን ልዩነት ሸፍኖ የውድቀት ደረጃ ብቻ ያሳየናል። ስለ ብረቱና በጋራ ስለሚወጋው መርፌ ሳይናገር፣ መርፌ የሚወጋው ክፉ ልጅ ነው ብሎ ያልፋል።

ይህ በአገራችን ከሌላው ይልቅ ያሠጋል። ሕዝባችን መርፌን አብዝቶ ያምናል፤ ክኒን ተሰጥቶት «መርፌ አልተወጋሁም» ብሎ ቅር የሚለው በሽተኛ ጥቂት አይደለም፤ ፈቃድ የሌለው መርፌ ወጊም በዚሁ እምነት እንጀራውን ሲበላ ኖሯል። ደግሞም በእ.ኤ.አ. 2021 ጦርነቱ ወደ ወልድያ አካባቢ በደረሰ ጊዜ የሕክምና ቤቶች ተዘርፈዋል፤ ወጣቱም ብዙ ሐዘን አይቷል። ሐዘን የበዛበትና ሥራ ያጣ ወጣት ማነቃቂያ ቢፈልግ አያስደንቅም። ስለዚህ የሚነገረው ነገር አስቀድሞ እውነት መሆን አለበት።

እኛ የምንመኘው ጭውውት መሰላሉን የሚተው ነው። ጫትን ሲያሳይ ወዳጃውን ሳይሰድብ፣ የጠፋውን እንቅልፍ፣ የባከነውን ገንዘብና የተፈታውን ሥራ ያሳይ። መርፌንም ሲያሳይ ለብቻው ያሳየው፤ መርፌ መዋዋስ የሚያመጣውን በሽታ በግልጥ ይናገር። በመጨረሻም እናቲቱን በማስለቀስ ፈንታ፣ ልጁን ያለ ኀፍረት ወደ ሐኪም ይዛው ስትሄድ ያሳየን። የሐራ ተማሪ አያቱን ሳይንቅ ከመርፌው ሊጠነቀቅ የሚችለው፣ መድረኩ ሁለቱን ለይቶ ሲነግረው ነው ብለን እናምናለን።