የማይናወጥ ውሃ፦ አልካሊኒቲና የኮራል ጤና በቤት ውስጥ አኳሪየም

በቤታቸው የኮራል አኳሪየም ማቆም የጀመሩ ሰዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ ፒኤች፣ ማለትም የውሃውን አሲዳማነት ስለሚያሳየው ልኬት ነው፤ የተፈጥሮ ባሕር 8.1 ወይም 8.2 ሆኖ ሳለ የእነርሱ ገንዳ 7.9 ላይ መቅረቱ ያሳስባቸውና ፒኤች ከፍ ያደርጋል ተብሎ የሚሸጠውን ዱቄት ገዝተው ይጨምሩበታል። ጥያቄው ከቅን ልብ የመጣ ቢሆንም መድኃኒቱ የተፈለገው በሌለበት ቦታ ነው። መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሰዎች ትንፋሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያከማቻል፣ ጋዙም በውሃው ሟሙቶ አሲድ ይሆናል፤ ስለዚህ ፒኤቹን ዝቅ የሚያደርገው በአብዛኛው የክፍሉ አየር እንጂ በውሃው ውስጥ የጎደለ ነገር አይደለም። ዱቄቱ ከተጨመረ ከሰዓታት በኋላ ፒኤቹ ወደ ነበረበት ይወርዳል፣ በዱቄቱ ምክንያት ከፍ ያለው አልካሊኒቲ ግን እንዳለ ይቀራል፤ ጀማሪውም ሳያውቀው ኮራሉ አጽሙን የሚገነባበትን ንጥረ ነገር መጠን በየቀኑ ሲያናውጥ ይሰነብታል። መስኮት መክፈት፣ ወይም ውሃውን አረፋ እያስነሣ ቆሻሻ የሚለየው ስኪመር አየር የሚስብበትን ቱቦ ወደ ውጭ መዘርጋት ከዱቄቱ ሁሉ ይበልጣል።

አልካሊኒቲ ውሃው ፒኤቹ ሳይወድቅ ሊሸከም የሚችለውን የአሲድ መጠን የሚያመለክት ልኬት ሲሆን፣ በባሕር ውሃ ውስጥ አብዛኛውን የሚይዘው ባይካርቦኔት የተባለው ንጥረ ነገር ነው። አርቢዎች የሚለኩት በጀርመን ዲግሪ ነው፤ የተፈጥሮ ባሕር ወደ 7 ዲግሪ ገደማ ይኖረዋል። ድንጋያማው ኮራል አጽሙን ሲገነባ አንድ የካልሲየም አዮንና ሁለት ባይካርቦኔት ወስዶ አራጎናይት የሚባለውን የካልሲየም ካርቦኔት ክሪስታል ይሠራል፣ በዚያው ሂደት ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይወጣሉ። ሁለቱ ንጥረ ነገሮች የሚወሰዱት በማይዛባ ምጣኔ ነው፤ 20 ሚሊግራም በሊትር ካልሲየም ሲቀንስ 2.8 ዲግሪ አልካሊኒቲ አብሮ ይቀንሳል።

ብዙዎች ፈጥነው የሚያልፉት፣ ነገር ግን ሙያው ሁሉ የቆመበት ስሌት ይህ ነው። ካልሲየሙ 420፣ አልካሊኒቲው 8 የነበረ ገንዳ በጥቂት ቀናት ውስጥ ካልሲየሙ ወደ 400፣ አልካሊኒቲው ወደ 5.2 ቢወርድ፣ የመጀመሪያው ከአምስት በመቶ ያነሰ ቅናሽ ነው፣ ሁለተኛው ግን ከሲሶ በላይ ነው። ካልሲየሙ እንደ ጎተራ ነው፣ አንድ ቁና ቢዛቅለት አይታወቅበትም፤ አልካሊኒቲው የዕለቱ መሶብ ነው። የቤት መመርመሪያዎች 10 ወይም 20 ሚሊግራም ሊሳሳቱ ስለሚችሉ፣ ካልሲየምን ብቻ እየለካ ውሃው ደህና ነው ብሎ የሚያድር አርቢ ችግሩን የሚያየው የኮራሉ ሥጋ ከአጽሙ መላቀቅ ሲጀምር ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚለካው አልካሊኒቲ ነው፣ የሚለካውም በየዕለቱ በተመሳሳይ ሰዓት ነው፤ ኮራል በብርሃን ከጨለማ ይልቅ ፈጥኖ አጽም ስለሚሠራ የጠዋትና የማታ ልኬት አይመሳሰሉም፣ በተለያየ ሰዓት የተወሰዱ ቁጥሮችን ማወዳደርም አርቢውን ያሳስተዋል።

አልካሊኒቲውን በተፈጥሮ ባሕር ልክ አካባቢ ከማቆየት ይልቅ ወደ 11 ወይም 12 ዲግሪ አውጥተው ፈጣን ዕድገት የሚሹ አርቢዎችም አሉ። ማስረጃ የላቸውም ማለት አይቻልም፤ በአሪዞና በሚገኘው ባዮስፌር 2 ውስጥ፣ 2.6 ሚሊዮን ሊትር ገደማ በሚይዘው ሰው ሠራሽ ባሕር ላይ፣ ክሪስ ላንግደንና ባልደረቦቹ ያካሄዱት ጥናት የካርቦኔት መጠን ሲያንስ የአጽም ግንባታም እንደሚቀንስ፣ ሲጨምርም እንደሚጨምር አሳይቷል። ይሁን እንጂ ፈጥኖ የተሠራ አጽም ጤነኛ ሥጋ ለብሷል ማለት አይደለም። ናይትሬትና ፎስፌት እጅግ ባነሰበት ውሃ ውስጥ አልካሊኒቲ ከፍ ሲል አክሮፖራ የተባለው ባለ ቅርንጫፍ ኮራል ጫፎቹ ተቃጥለው እንደሚነጡ ልምድ ያላቸው አርቢዎች ደጋግመው አይተዋል። ለ7.5 ወይም ለ8.5 መሟገት ከንቱ ነው፤ በሁለቱም ኮራል ያምራል፤ የማያምረው ሰኞ 7፣ ረቡዕ 9፣ ዓርብ እንደገና 7 በሆነ ውሃ ውስጥ ነው። ወርዶ የተገኘ ልኬት እንኳ በአንድ ጊዜ አይመለስም፣ በቀን ከ1 ዲግሪ ባነሰ እርምጃ ይመለሳል እንጂ።

ይህን እርጋታ ለማግኘት ከሁሉ ቀላሉ መንገድ ፒተር ዊልከንስ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጀርመንኛ ተናጋሪ አርቢዎች ዘንድ ያስፋፋው የኖራ ውሃ ነው። በንጹሕ ውሃ የተበጠበጠ ኖራ፣ ማለትም ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ካልሲየሙንና አልካሊኒቲውን ኮራሉ በሚወስድበት ምጣኔ ይሰጣል፣ የተከማቸውን ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይዞ ወደ ባይካርቦኔት ይለውጠዋል። ፒኤቹ ከ12 በላይ ስለሆነ ጠብታ በጠብታ፣ በተለይም ፒኤች በሚወርድበት ሌሊት መግባት አለበት። ወሰኑም የታወቀ ነው፤ 200 ሊትር የሚይዝ ገንዳ በቀን 2 ሊትር ቢተንበትና የተነነው ሁሉ በጠገበ የኖራ ውሃ ቢተካ የሚገኘው ከ1 ዲግሪ ጥቂት የሚበልጥ ነው፤ ኮራሉ ከዚህ በላይ የሚበላ ከሆነ በሃንስ ቨርነር ባሊንግ ስም የሚጠራው፣ ካልሲየም ክሎራይድንና ሶዲየም ባይካርቦኔትን ለየብቻ የሚያስገባው ዘዴ ይጨመርበታል። ማግኒዚየም ካልሲየም ካርቦኔት በውሃው ውስጥ እንዳይዘቅጥ ስለሚያግድ በ1300 ሚሊግራም አካባቢ ከቆየ በቂ ነው። ፎስፌትን ወደ ዜሮ የማውረድ ልማድ ግን ሊተው ይገባል፤ የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲው ዮርግ ቪደንማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ ናይትሬት በርክቶ ፎስፌት ሲጠፋ በኮራሉ ሥጋ ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን አልጌዎች እንደሚጎዱና ኮራሉ ለመንጣት እንደሚጋለጥ አመልክተዋል።

ከባሕር ርቆ በደጋ ላደገ ሰው ይህ ሙያ ከጌጥነት ያለፈ ትርጉም አለው። በዳናኪል ዝቅተኛ ምድር ዳርቻ የኮራል ሪፍ ቅሪቶች ቆመው ይታያሉ፤ ቀይ ባሕር በጥንት ዘመን ወደዚያ ዘልቆ ሳለ ተገንብተው፣ ባሕሩ ሲተንና ጨው ብቻ ሲቀር በደረቅ የቀሩ ናቸው። አልካሊኒቲን በየማለዳው ከለካ በኋላ እነዚህን አለቶች የሚመለከት አርቢ፣ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ስንት ባይካርቦኔት እንደ ጠየቀ፣ ይህንንም ያለ ማቋረጥ ያቀረበው ውሃ ምን ያህል የረጋ እንደ ነበረ በስሌት ይረዳዋል፤ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ለእርጋታ የሚሟገተው በከፊል ከዚህ የተነሣ ነው። በትላልቅ ገንዳዎች ላይ የሚሠራው የካልሲየም ሪአክተርም የሞተ ኮራል ፍርስራሽን በካርቦን ዳይኦክሳይድ አሟሙቶ ለሕያው ኮራል ይመልሳል፤ ይሁንና የሚወጣው ውሃ ፒኤቹን ዝቅ ስለሚያደርግና የጋዙ ፍሰት ዘወትር ክትትል ስለሚጠይቅ፣ ኮራሉ የሚበላው የኖራ ውሃ ከሚሰጠው እስካልበለጠ ድረስ ለቤት ገንዳ አያስፈልግም።