ርካሽ በረራ፦ ሳቁና ሚዛኑ

«ፋሲኔቲንግ አይዳ» በ1983 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዲሊ ኪን የተመሠረተ የእንግሊዝ የሴቶች የዘፈንና የስላቅ ቡድን ነው። ከሥራዎቹ መካከል ከአገሩ ወሰን አልፎ በሰፊው የታወቀው «ቺፕ ፍላይትስ»፣ ማለትም «ርካሽ በረራዎች» የተሰኘው ዘፈን ነው። ታሪኩ ቀላል ነው። በ50 ፔንስ፣ በግማሽ ፓውንድ ማለት ነው፣ የሚሸጥ የአውሮፕላን ትኬት ተገኝቷል፤ ተጓዧ ለመግዛት ትጣደፋለች። ግብሩ ለብቻው ይታሰባል። ሻንጣው ለብቻው ይታሰባል። በካርድ መክፈል ራሱ ያስከፍላል። ሒሳቡ በተቆለለ ቁጥር የዘፋኞቹ አንደበት ወደ ስድብ ይወርዳል፤ ዜማው ግን ጨዋነቱን አይለቅም።

የዘፈኑ ጥበብ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዜማው የተሠራው በአየርላንድ የሕዝብ ዘፈን ስልት ነው፤ ያ ዘፈን ደግሞ ረሀብን፣ ስደትንና ባሕር ተሻግሮ የቀረን ዘመድ ሲያነሳ የኖረ ነው። ሦስቱ ሴቶች ይህን የኀዘን ዕቃ አንስተው የትኬት ደረሰኝ ጫኑበት። አድማጭን የሚያስቀው ስድቡ ብቻ ሳይሆን የጭነቱና የተሸካሚው አለመመጣጠን ነው።

ስላቅ ግን አንድ ችግር አለበት፤ እውነቱ ሊቀድመው ይችላል። በ2009 የራያንኤር ዋና ሥራ አስፈጻሚ ማይክል ኦሊሪ በአውሮፕላን መጸዳጃ ቤት በር ላይ ሳንቲም መቀበያ ለመግጠም እያሰቡ መሆኑን ለቢቢሲ ተናገሩ። ሐሳቡ ሥራ ላይ ባይውልም ወሬው ዓለምን ዞረ፤ ኩባንያውም አንዲት ሳንቲም ሳያወጣ ስሙ ተጠራ። በራሱ ላይ የሚቀልድን ነጋዴ በቀልድ ማሳፈር እንዴት ይቻላል?

የዋጋ ማስታወቂያን እንደ ድርሰት ለሚያነብ ሰው ነገሩ ሰምና ወርቅን ያስታውሰዋል። ላዩ 50 ፔንስ፣ ውስጡ ሌላ። ላዩ «ፍራንክፈርት»፣ ውስጡ ከከተማዋ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የሃን አውሮፕላን ማረፊያ። ልዩነቱ ግን መሠረታዊ ነው። ቅኔ ወርቁን ፈልቅቆ ላገኘ ሰሚ ያወርሰዋል፤ ትኬቱ ወርቁን ያገኘውን ሰው ያስከፍለዋል።

የአውሮፓ ኅብረት በ2008 ባወጣው ደንብ አየር መንገዶች የማይቀረውን ግብርና ክፍያ ሁሉ አጠቃለው የመጨረሻውን ዋጋ ከመነሻው እንዲያሳዩ አዟል። ሕጉ የማይቀረውን ክፍያ በተጓዡ ምርጫ ከሚመጣው ለይቶ አስቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ ወደ አንዲት ቃል ዞረ፤ «ምርጫ» ምንድን ነው? በ2014 የኅብረቱ ፍርድ ቤት ሲበይን መጠኑ ተገቢ የሆነ የእጅ ሻንጣ ለተጓዥ አስፈላጊ ዕቃ ስለሆነ ሊያስከፍል አይገባም አለ፤ ለጭነት የሚሰጠው ትልቁ ሻንጣ ግን ሊያስከፍል እንደሚችል ፈቀደ። በ2024 መጨረሻ የስፔን መንግሥት ራያንኤርንና ኢዚጄትን ጨምሮ አምስት አየር መንገዶችን በአብዛኛው በእጅ ሻንጣ ክፍያ ምክንያት በድምሩ 179 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣ። ኩባንያዎቹ ቅጣቱን ተቃወሙ።

ይህ የንግድ ሥርዓት ወደ ምሥራቅ አፍሪካም ከመጣ ቆይቷል። ፋስትጄት በኅዳር 2012 ከዳሬሰላም ወደ ምዋንዛና ወደ ኪሊማንጃሮ መብረር ሲጀምር የመነሻ ዋጋው 20 ዶላር ነው ተባለ፤ የመንግሥት ግብር ሳይጨምር። በኬንያ ጃምቦጄት በ2014 ተከተለ። ከባሕረ ሰላጤው በ2003 ሥራ የጀመረው ኤር አረቢያና በ2009 የጀመረው ፍላይዱባይ ወደ አካባቢው ከተሞች ይመላለሳሉ። እዚህ ላይ ለኩባንያዎቹም ፍርድ መስጠት ይገባል። ከዳሬሰላም ምዋንዛ በአውቶቡስ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከዚያ ወንበር ላይ ተነሥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ደመና በላይ የተቀመጠ ሰው በርካሽ ትኬት የሚስቅበት ምክንያት የለውም። ከዋጋው በላይ የሚደመረውም ሁሉ የአየር መንገዱ ኪስ አይገባም፤ መንግሥታትም ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ፋስትጄት ራሱ በ2018 ከታንዛኒያ ወጥቷል።

የዘፈኑ ጉድለት የሚታየው ከዚህ አካባቢ ሆኖ ሲሰማ ነው። የዘፈኑ ተጓዥ ዕቃ ቢበዛባት ብትተወው የምትችል፣ ቅዳሜን ውላ የምትመለስ ናት። የርካሽ ትኬት ነጋዴም በሐሳቡ የሣላት እሷን ነው፤ ዘመድ የሌላትን መንገደኛ። ከአዲስ አበባ ወደ ዱባይ፣ ከጅቡቲ ወይም ከናይሮቢ ወደ አገር ቤት የሚጓዝ ሰው ግን እንዲህ አይደለም። ሻንጣው የጉዞው ተጨማሪ ሳይሆን የጉዞው ምክንያት ነው። ሲሄድ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፤ ሲመለስ ብርድ ልብስ፣ ጫማ፣ የልጆች ልብስ። ከዚያ ውስጥ ግማሹ የራሱ አይደለም፤ አደራ ነው። ጎረቤት የጎረቤቷን እናት መድኃኒት ስታስይዘው «ምርጫህ ነው» አትለውም፤ እሱም እንቢ አይልም። ሕግ አውጪው አደራ የሚባል የዕቃ ዓይነት አያውቅም፤ ዘፈኑም አያውቅም።

ስለዚህ ለዚህ መንገደኛ በትልቅ ፊደል የተጻፈው ዋጋ ባዶ እጁን ለሚሄድ ሌላ ሰው የተጻፈ ነው። የእሱ ዋጋ የሚወሰነው ትኬት ሲቆርጥ ሳይሆን ሚዛኑ ላይ ነው፤ ያውም ኋላው ሰልፍ ቆሞ፣ ወደ ቤት መመለሻ ሳይኖረው፣ ኪሎው በአውሮፕላን ማረፊያ ዋጋ እየተቆጠረ። በየመደርደሪያው ፊት ሻንጣቸውን መሬት ላይ ዘርግተው የሚያጎድሉ ሴቶች የሚታዩት ለዚህ ነው። መጀመሪያ የሚወጣው የራሳቸው ልብስ ነው። አንዱን ቀሚስ ባንዱ ላይ ይደርቡታል፤ ካፖርቱንም በሙቀት ይለብሱታል። አደራው ሻንጣው ውስጥ ይቀራል።