የመስመሩ ጫፍ

የገጠር መብራት ሥራ በደንብ መሠራቱን የማውቀው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ከትራንስፎርመሩ እጅግ የራቀው ቤት፣ ማታ ምጣዱ ሁሉ በተጣደበት ሰዓት ስንት ቮልት ያገኛል? ስንት ኪሎ ሜትር መስመር ተዘረጋ፣ ስንት ምሰሶ ተተከለ የሚለው ከዚያ በኋላ ይመጣል። በስምጥ ሸለቆ፣ በዓለም ጤና፣ በመቂና በቆቃ ከተሞች ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች መስመር ስዘረጋ ኖሬ የደረስኩበት ይኸው ነው።

አካባቢው ለኤሌክትሪክ ባዳ አይደለም። ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ በአዋሽ ላይ የተሠራው የቆቃ ማመንጫ በ1952 ዓ.ም. ሲመረቅ 43.2 ሜጋ ዋት አቅም ነበረው፤ ለዘመኑ ትልቅ ኃይል ነው። ከግድቡ የተነሳው የ132 ኪሎ ቮልት መስመር ግን መንገዱን ወደ አዲስ አበባ አደረገ። የብረት ማማው ማሳው ላይ የቆመበት ገበሬ ለብዙ ዓመታት በኩራዝ አመሸ። «በአናታችን እያለፈ እኛን ለምን ዘለለን?» የሚለውን ጥያቄ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ተገቢ ጥያቄ ስለሆነ ጊዜ ወስዶ መመለስ ይገባል። ከ132 ኪሎ ቮልት ላይ በቀጥታ ለመንደር መስጠት አይቻልም። መጀመሪያ ማከፋፈያ ጣቢያ ውስጥ ወደ 33 ወይም 15 ኪሎ ቮልት ይወርዳል፤ በዚያ ቮልት ገጠሩን አቋርጦ መንደሩ ደጃፍ ሲደርስ ደግሞ በትራንስፎርመር ወደ 380 እና 220 ቮልት ይወርዳል። እያንዳንዱ እርከን ገንዘብ ይጠይቃል፤ ገንዘቡ ቀድሞ የሚመደበው ደግሞ ለከተማ ነበር። ዛሬ በሁለት ዙር የተተከሉት የአዳማ 51 እና 153 ሜጋ ዋት የነፋስ ማመንጫዎችም አሉ። ስምጥ ሸለቆ በማመንጨት አይታማም።

በ1998 ዓ.ም. የተጀመረው ሁለንተናዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም በርካታ የገጠር ከተሞችን ከመስመር አገናኝቷል። ለእኔ ዘመን መሐንዲሶች ትልቁ ትምህርት ቤት እሱ ነው፤ ባለውለታችን ነው ብዬ አምናለሁ። የሚቆጠረው ግን ከተማው እንጂ ቤቱ አልነበረም። ገበያው አጠገብ ትራንስፎርመር ከቆመ «መብራት ገብቷል» ይባላል። በ2009 ዓ.ም. በየቤተሰቡ እየዞረ የጠየቀ አገር አቀፍ ጥናት ከዋናው መስመር ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከሦስት ቤት አንዱ ያህል ብቻ መሆኑን አሳየ።

ቆጣሪ የገባለትም ቢሆን ገና ነው። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይወስዳል፤ በገጠር ቤት ውስጥ ከዚህ የሚከብድ ነገር የለም። ከትራንስፎርመሩ 500 ሜትር ርቀት ላይ፣ 25 ካሬ ሚሊ ሜትር በሆነ የአሉሚኒየም ሽቦ፣ በአንድ ፌዝ (ከሦስቱ ኃይል አምጪ ሽቦዎች በአንዱ) ላይ ሁለት ምጣዶች ባንድ ጊዜ ቢጣዱ ከ30 ቮልት በላይ መንገድ ላይ ይቀራል። ጫፍ ላይ ያለው ቤት የሚደርሰው 187 ቮልት ገደማ ነው። ሙቀት ከቮልቱ ካሬ ጋር ስለሚሄድ የምጣዱ ግለት ከሩብ በላይ ይቀንሳል። አምፖሉ በርቷል፣ ቆጣሪውም ይቆጥራል፤ እንጀራው ግን ዓይን አያወጣም።

ዓለም ጤና አቅራቢያ በመስመር ጫፍ የሚኖሩ አንዲት እናት ይህን ያለ መለኪያ ያውቁታል። «ልጄ፣ መብራቱስ አለ፤ አቅም ነው ያጣው» አሉኝ። ሊጡን ማታ አዘጋጅተው የሚጋግሩት ሌሊት 10 ሰዓት ተነስተው ነው፤ ሰፈሩ ተኝቶ ስለሚያድር ያን ጊዜ ምጣዱ ቶሎ ይግላል። መለኪያዬን ሶኬታቸው ላይ ሰክቼ ሳየው ማታ የነበረው ቁጥርና የሌሊቱ ቁጥር የተለያየ መስመር የሚመስል ነበር። እኚህ ሴት እንቅልፋቸውን እየሰጡ ያሟሉት በንድፍ ሥራ መሟላት የነበረበትን ነው።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ገበያ መሃል አንድ ባለ 200 ኪሎ ቮልት አምፔር ትራንስፎርመር አቁሞ ቀጭን ሽቦ በየአቅጣጫው ከመጎተት፣ የ33 ኪሎ ቮልቱን መስመር ወደ ውስጥ አስገብቶ ባለ 25 እና ባለ 50 ትራንስፎርመሮችን መበተን ይሻላል። ወጪው ከፍ እንደሚል አልክድም፤ በየጊዜው ከሚቃጠለውና ከሚባክነው ጋር ሲተያይ ግን ያዋጣል። ቤቶችን በሦስቱ ፌዞች ላይ እኩል ማከፋፈልም ከጥንቃቄ በስተቀር ምንም አያስወጣም።

ለኒውትራል (ለመመለሻው ሽቦ) እና ለመሬት ግንኙነት ደግሞ እዚህ የተለየ ትኩረት ያስፈልጋል። የአካባቢው አፈር ከእሳተ ገሞራ የወጣ፣ ልልና ውኃ የማይዝ ነው፤ በበጋ ሲደርቅ ኤሌክትሪክ በደንብ አያሳልፍም። ኒውትራሉ ከተበጠሰ፣ የመሬት ግንኙነቱም ደካማ ከሆነ፣ 220 የለመደው ቤት እስከ 380 የሚጠጋ ሊደርሰው ይችላል። ቴሌቪዥኑና ፍሪጁ የሚቃጠሉት ያኔ ነው። ስለዚህ መሬት የሚገባው ዘንግ እርጥበት እስኪያገኝ ጠልቆ ይግባ፤ አንዱ ካልበቃ ሁለት ሦስት ይደረግ፤ ልኬቱም በጥር ወይም በየካቲት ይወሰድ። በክረምት የተለካ ቁጥር ያታልላል።

የሽንኩርትና የቲማቲም ገበሬውም በናፍጣ ፓምፕ ምትክ ሞተር ሲጠይቅ ጥያቄው እዚያው ጫፍ ላይ ይመለሳል። የሞተር ጉልበትም ከቮልቱ ካሬ ጋር ይወርዳል፤ ሳይነሳ እያጓራ የሚቆይ ፓምፕ ጥቅልሉን ያቃጥላል።

የምሰሶውን፣ የሽቦውንና የትራንስፎርመሩን ብዛት በምንሞላበት የርክክብ ቅጽ ላይ አንድ መስመር እንዲጨመር እፈልጋለሁ፦ የመጨረሻው ቤት ቮልት፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ የተለካ፤ ከጎኑም ሥራውን የተረከበው መሐንዲስ ሳይሆን የቤቱ ባለቤት ይፈርምበት።