የአቢሲኒያ ወርቅና የባንኮክ ሐኪም

መቼም በአገራችን ጋዜጣ ሁለት ጊዜ ነው የሚነበበው። አንድ ጊዜ በወጣበት ቀን አዲስ አበባ ላይ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ከወራት በኋላ በገጠር ገበያ በርበሬና ስኳር ሲጠቀለልበት። የዛሬውን ወሬዬን ያገኘሁት በሁለተኛው ዙር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ይፋግ ገበያ ወርጄ ከአንዲት እናት ጥቁር አዝሙድ ገዛሁ። በጋዜጣ ቅዳጅ ጠቅልለው ሰጡኝ። ቤት ገብቼ ጥቅሉን ስፈታው፣ ከላይ በኩል ሕሙማንን ባንኮክ ወስዶ የሚያሳክም ድርጅት ያወጣው ባለ ቀለም ማስታወቂያ አለ። ከሥሩ ደግሞ የአንዲት ልጅ የደበዘዘ ፎቶግራፍ፣ "ልቧን ታማለች፤ ወገኖቻችን ድረሱልን" የሚል ልመናና የባንክ ሒሳብ ቁጥር። ሁለቱን የሚለያቸው አንድ ቀጭን መስመር ብቻ ነው።

ይህን ገጽ እንደ አንድ ጽሑፍ አንብበን እንተቸው ብል "ደግሞ ማስታወቂያ ይተቻል እንዴ?" የሚለኝ አይጠፋም። ይተቻል እንጂ! ከርዕሰ አንቀጹ ይልቅ ብዙ ሰው የሚያነበው እርሱን አይደል?

ይፋግ ለንግድ እንግዳ አይደለም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሞሌ ጨውና ማርያ ቴሬዛ ብር የሚዘዋወርበት ስመ ጥር ገበያ ነበር። በእንዲህ ያለ ገበያ የዕቃው ማስታወቂያ ዕቃው ራሱ ነው። የበሬውን ጥርስ ከፍተህ ታያለህ፤ ቅቤውን ታሸታለህ፤ ዋጋውን ትጠይቃለህ፤ ትከራከራለህ። ያታለለህን ሰው በሚቀጥለው ገበያ እዚያው ቦታው ላይ ተቀምጦ ታገኘዋለህ። የጋዜጣ ማስታወቂያ ግን ይህን ሁሉ አስቀረው። ሻጩ አይታይም፣ ዕቃው አይዳሰስም። የቀረን ቃል ብቻ ነው።

ነገሩ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ መድፍ ሲያሠሩ፣ ደብዳቤ የጻፉላት የንግሥት ቪክቶሪያ አገር ጋዜጦች በማስታወቂያ ተጥለቅልቀው ነበር። እዚያ በማስታወቂያ ላይ የነበረው ቀረጥ በ1853 (እ.ኤ.አ.) ተነሥቷል። በዚያ ዘመን ለለንደን ገዢዎች ይቀርቡ ከነበሩት ጌጦች አንዱ ምን ይባል ነበር መሰላችሁ? "የአቢሲኒያ ወርቅ"! ወርቁ ግን ከሐበሻ ምድር የወጣ አልነበረም። መዳብና ዚንክ ተቀላቅሎ ላዩ በስሱ በወርቅ የተለበጠ ማስመሰያ ነበር። በ1868 (እ.ኤ.አ.) ከመቅደላ የተዘረፈው እውነተኛው የወርቅ ዘውድ ለንደን ሙዚየም ሲገባ፣ ስማችን ደግሞ በናስ ላይ ተለጥፎ ይቸበቸብ ነበር።

ሰው በጌጥ ቢታለል ኪሱ ይጎዳል፤ በመድኃኒት ሲታለል ግን ነፍሱም አብራ ትጎዳለች። ሆሎዌይና ቢቻም የተባሉ ነጋዴዎች ክኒኖቻቸውን ለበሽታ ዓይነት ሁሉ ፍቱን ናቸው እያሉ በየጋዜጣው አስነገሩ፤ ናጠጡም። ሆሎዌይስ ቢያንስ ከሀብቱ ላይ የሴቶች ኮሌጅና የአእምሮ ሕሙማን መታከሚያ አሠርቶ አልፏል። የእንግሊዝ ሐኪሞች ማኅበር በ1909 (እ.ኤ.አ.) የእነዚህን መድኃኒቶች ምሥጢር በመጽሐፍ ሲያወጣ፣ የቢቻም ክኒን እሬት፣ ዝንጅብልና ሳሙና ሆኖ ተገኘ። የቅመሙ ወጪ ከመሸጫው ዋጋ አንድ መቶኛ እንኳ አይሞላም ነበር። ታዲያ ብዙ ጋዜጦች የዚህን መጽሐፍ ማስታወቂያ አናትምም አሉ። ከሚያበላቸው ጋር እንዴት ይጣሉ?

ከዚህ ሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። በ1854 (እ.ኤ.አ.) ለንደን ውስጥ ለማይድኑ ሕሙማን የተቋቋመ አንድ የበጎ አድራጎት ሆስፒታል ነበር። እዚያ ለመግባት በሽተኛው በገንዘብ ለጋሾች ድምፅ መመረጥ ነበረበት። ስለዚህ የበሽተኛው ወገኖች ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አውጥተው ድምፅ ይለምናሉ። ስንት ዓመት አልጋ ላይ እንደቆየ፣ ስንት ልጆች እንዳሉት ይዘረዝራሉ። ሕመም ምርጫ ተወዳደረ ማለት ነው! አሳዛኝ ታሪክ ያለው፣ ማስታወቂያ ማውጣት የቻለና ሰው የሚያውቅ ያሸንፋል፤ ሌላው ቤቱ ተኝቶ ይጠብቃል።

አሁን ወደ አዝሙዴ መጠቅለያ ልመለስ። የላይኛው ማስታወቂያ "ልምድ ባላቸው ስፔሻሊስቶች፣ በዘመናዊ መሣሪያ" ይላል፤ ቪዛውን፣ ሆቴሉን፣ አስተርጓሚውን ይቆጥራል። ዋጋ ግን የለም። የታችኛው ደግሞ የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ እንዳለው ጠቅሶ፣ የሚያስፈልገውን ገንዘብ እስከ ሽርፍራፊው ይናገራል። አንዱ ዋጋውን ይደብቃል፣ ሌላው ዋጋውን ይዞ ያለቅሳል። እንግዲህ ሁለቱ የአንድ ማስታወቂያ ግማሾች ናቸው ማለት ነው። የላይኛው ያልተናገረውን ዋጋ የምትነግረን የታችኛዋ ልጅ ነች።

ከዚያ ገጽ ላይ ጭራሽ ያልታየም አለ። ይፋግ ባለችበት በሊቦ ከምከም ወረዳ በ1997 ዓ.ም. የሆነውን ብዙዎቻችሁ ላታስታውሱት ትችላላችሁ። ሰዉ ትኩሳት ይይዘዋል፣ ይመነምናል፣ ጣፊያው ያብጣል። በመጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተባለ። በኋላ ሲመረመር ካላዛር ሆኖ ተገኘ፤ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍና ካልታከሙት የሚገድል በሽታ ነው። ወደ ሁመራና መተማ ለቀን ሥራ ሄደው ከተመለሱ ሰዎች ጋር ሳይመጣ እንዳልቀረ ባለሙያዎች ይገምታሉ። የድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን ደርሶ፣ ስሟን ከጋዜጣው ጋር በምትጋራው በአዲስ ዘመን ከተማ ጤና ጣቢያ ሕክምና ተጀመረ። በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ በአካባቢው ከሁለት ሺህ የሚበልጥ ሰው ታመመ። የሚሰጠው መድኃኒት በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራ፣ አንድ ወር ሙሉ በየቀኑ የሚወጉት መርፌ ነበር።

"ካላዛርን እናክማለን" የሚል ባለ ቀለም ማስታወቂያ እኔ አይቼ አላውቅም። ለምን ይውጣ? በሽተኛው ከብት ጠባቂና የቀን ሠራተኛ ነው። የሚከፍል ስለሌለ አዲስ መድኃኒት ለመሥራት የሚጣደፍ ኩባንያም እምብዛም ነው። ከጌጡ እስከ ባንኮኩ ሕክምና፣ ማስታወቂያ የሚከተለው ገንዘብ ያለበትን ነው፤ ሕመም ያለበትን አይደለም።

ፍርደ ገምድል እንዳልሆን ይህንንም ልጨምር። ባሕር ማዶ ሄደው የዳኑ አሉ፤ ማስታወቂያውም መንገዱን አሳይቷቸዋል። ጋዜጣም ያለ ማስታወቂያ ደመወዝ አይከፍልም። ሕግም ቢሆን ዝም አላለም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 ጥንቆላንና በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚሸጡ መድኃኒቶችን ማስተዋወቅ ከልክሏል። ደግ አደረገ። ነገር ግን ሐሰትን መከልከል አንድ ነገር ነው፤ ግማሽ እውነትን ማረም ሌላ ነው።

በሚቀጥለው ገበያ ወደ አዝሙድ ሻጯ ተመለስሁ። ቅዳጁ ኪሴ ውስጥ ነበር።

"እማማ፣ የሰጡኝ ወረቀት ምን እንደሚል ያውቃሉ?"

"ምኑን አውቄው ልጄ! ምን ይላል?"

"ባሕር ማዶ ወስደን እናሳክማለን ይላል።"

"እሰይ! በስንት?"

"ዋጋውን አልጻፉትም።"

ሳቅ አሉና፣ "እኔ ይቺን አዝሙድ ዋጋዋን አልናገርም ብል ማን ይገዛኛል?" አሉኝ።

እኔም ከዚህ የተለየ ጥያቄ የለኝም። ሕክምና የሚያስተዋውቅ ዋጋውንና የፈቃድ ቁጥሩን አብሮ ይጻፍ። ጋዜጣውም ከማስታወቂያ ገጹ ላይ ጥቂት መስመር ለማይከፍሉት ይተው። ትኩሳቱ አልለቅ ያለው፣ ጣፊያው ያበጠ ሰው የት ጤና ጣቢያ ቢሄድ በነጻ እንደሚታከም የምትናገር ሦስት መስመር ትበቃለች። ጋዜጣው በወጣበት ቀን ይፋግ ባይደርስም፣ አዝሙድ ተጠቅልሎበት መድረሱ አይቀርም።